የፖስትግሬስ እትሞችን አስተማማኝነት በሞዴል መገመት፦ አራት እትም፣ አራት የተለያየ መልስ

ቆጣሪው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ ክፍል ውስጥ እየሠራሁ፣ በማታው መርሐ ግብር የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በማዘጋጀት ላይ እገኛለሁ። ርዕሴ የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር አስተማማኝነት ከእትም ወደ እትም እንዴት እንደሚለዋወጥ በሞዴል መገመት ሲሆን፣ የመረጥኩት ሶፍትዌር በየቀኑ የምሠራበት ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። ወደዚህ ጥናት የገፋፋኝ በመሥሪያ ቤታችን የቆየ ልማድ ነው፤ አዲስ ዋና እትም በወጣ ቁጥር "ነጥብ ሁለት እስኪወጣ እንታገስ" ይባላል፤ ማለትም ሁለተኛው የጥገና ንዑስ እትም (ለምሳሌ 14.2)። ትዕግሥቱ በቁጥር የሚደገፍ ነው ወይስ እንዲሁ ስንባባለው የኖርነው ነገር ነው የሚለውን ማወቅ ፈለግሁ።

እስካሁን የሄድኩበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከ14 እስከ 17 ላሉት አራት ዋና እትሞች፣ በየንዑስ እትሙ መግለጫ ላይ የተዘረዘሩትን የባግ ጥገናዎች አንድ በአንድ ቆጥሬ እትሙ በወጣበት ቀን መዘገብኳቸው፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ዋና እትም ለብቻው የጎኤልንና የኦኩሞቶን የ1979 ሞዴል ተጠቀምኩ። ሞዴሉን ለማያውቁት ባጭሩ፦ ሶፍትዌሩ ሲወጣ በውስጡ የተደበቁት ጉድለቶች ብዛት "ሀ" ይባላል፤ አዲስ ጉድለት የሚገኝበት ፍጥነት በዚያ ቅጽበት ገና ካልተገኙት ብዛት ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ የተመጣጣኝነቱ ቁጥር "ፈ" ይባል። ስለዚህ የተገኙት ጉድለቶች ድምር መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይወጣና ወደ "ሀ" እየተጠጋ ሲሄድ ይለዝባል።

ችግሩ ውጤቱ ነው። ለ17 የ"ሀ" ግምት አልረጋ ብሎኛል፤ ፕሮግራሙ በደጋገምኩት ቁጥር የበለጠ ትልቅ ቁጥር ይሰጠኛል። ለ14 ደግሞ ኩርባው መጀመሪያ ዘገም ብሎ ኋላ የሚፈጥን ስለሆነ፣ ያማዳና ባልደረቦቹ በ1983 ያቀረቡት የኤስ ቅርጽ ያለው ሞዴል በተሻለ ይስማማዋል፤ ለዚህ እትም አንድ ሞዴል፣ ለዚያኛው ሌላ ሞዴል መምረጥ ግን አማካሪዬ ፊት የሚያስቆመኝ አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ ብዙዎቹ ጥገናዎች ቃል በቃል በአራቱም እትሞች መግለጫ ላይ መደጋገማቸው ነው። አንዱን ጉድለት አራት ጊዜ ቆጥሬ አራት እትሞችን አወዳደርኩ ማለት እችላለሁን? ልምድ ያላችሁ ብትመሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሎጋሪዝም

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከ17 ልጀምር። የ"ሀ" ግምት ማለቂያ አጥቶ ማደጉ የፕሮግራምዎ ስህተት አይደለም። በዚህ ሞዴል የማክሲመም ላይክሊሁድ ግምት (የታየውን ዳታ ከሁሉ ይበልጥ ሊያስገኝ የሚችለው ቁጥር) የተወሰነ ቁጥር ሊሆን የሚችለው፣ ጉድለቶቹ የተገኙባቸው ጊዜያት አማካይ ከምልከታው ዘመን ግማሽ ሲያንስ ብቻ ነው፤ ማለትም ግኝቶቹ ወደ መጀመሪያው ያጋደሉ መሆን አለባቸው። ግኝቶቹ በእኩል ፍጥነት የሚመጡ ወይም እየበዙ የሚሄዱ ከሆነ፣ ዳታው መጨረሻውን ገና አላየም፤ ሞዴሉም በሐቅ መጨረሻ የሌለው "ሀ" ይመልስልዎታል። በየሩብ ዓመቱ ለተጠቃለለ ዳታ ቀመሩ ትንሽ ይለያል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ግምቱ ቢረጋልዎትም እንኳ ቶሎ እንዳያምኑት በፈጠራ ቁጥር ላሳይዎት። አንዱ ሞዴል "ሀ" 120፣ "ፈ" በወር 0.15 ይበል፤ ሌላው "ሀ" 200፣ "ፈ" በወር 0.0733 ይበል። በስድስተኛው ወር ሁለቱም የተገኙት ጉድለቶች 71 ያህል እንደሚሆኑ ይተነብያሉ። በሦስተኛው ወር አንደኛው 43፣ ሁለተኛው 39 ይላል፤ በፖይሰን ሂደት፣ ማለትም ክስተቶች በዘፈቀደ ሲመጡ፣ 43 የሚጠበቅበት ቆጠራ በራሱ ስድስት ሰባት ያህል ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን የአራት ልዩነት ዐይቶ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሆኖም "ስንት ጉድለት ቀረ?" ብለው ሲጠይቁ አንደኛው 49፣ ሁለተኛው 129 ይልዎታል። በግማሽ ዓመት ዳታ ላይ ቆመው "በ17 ውስጥ ይህን ያህል ጉድለት ቀርቷል" ብለው ቢጽፉ፣ ፈታኝዎ በዚህች ምሳሌ ብቻ ሊያፈርስብዎት ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ የ"ሀ"ን አንድ ነጠላ ግምት ትተው የላይክሊሁዱን ኩርባ ራሱን ይሳሉት፤ ወደ ቀኝ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሄድ ከሆነ አንባቢው ሁሉን በዐይኑ ያያል። ሁለተኛ፣ ከቀሪው ድምር ይልቅ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ስንት ጥገና እንደሚጠበቅ ይተንብዩ። ከላይ ባለው ምሳሌ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ አንደኛው 18፣ ሁለተኛው 25 ያህል ይተነብያል፤ ልዩነቱ ከ49 እና ከ129 ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጠባብ ነው፤ ለመሥሪያ ቤትዎም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ስለ ቀኖቹም አንድ ቃል። የፖስትግሬስ ንዑስ እትሞች በመደበኛው በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ስለሚወጡ፣ እርስዎ የመዘገቡት ቀን ጉድለቱ የተገኘበት ሳይሆን ጥገናው የተሰራጨበት ነው። ወይ ለተጠቃለለ ዳታ የሚሆነውን ላይክሊሁድ ይጠቀሙ፣ ወይም ጥገናው በጊት (የኮዱን ለውጦች በሚመዘግበው ሥርዓት) የገባበትን ቀን ይውሰዱ።

የሌሊት ተረኛ

እኔ የስታቲስቲክስ ሰው አይደለሁም፤ ዳታቤዝ ስጠብቅ ዓመታት ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። ስለ 14 ኩርባ ግን የምለው አለኝ።

ሞዴሉ "ጊዜ" ሲል እርስዎ የቀን መቁጠሪያውን ሰጥተውታል። 14 የወጣው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ስንት ሰው በእውነተኛ ሥራ ላይ አዋለው? እንደ እናንተ መሥሪያ ቤት ነጥብ ሁለትን የሚጠብቅ ሁሉ ገና አልነካውም። በኋላ በኤፕሪል 2022 ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሥርጭት) ሲወጣ በነባሪው ማከማቻው የያዘው 14ን ነበር፤ ሰርቨሩን ያሳደሰ ሰው ሁሉ ሳያስበው የ14 ተጠቃሚ ሆነ። ዴቢያን 12 ደግሞ 15ን፣ ኡቡንቱ 24.04 16ን፣ ዴቢያን 13 17ን ይዘዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ እትም የአጠቃቀም ታሪክ የተለያየ ነው፤ የኤስ ቅርጹ ከጉድለቶቹ ባሕርይ ሳይሆን ከተጠቃሚዎቹ አመጣጥ የመነጨ ሊሆን ይችላል። የሶፍትዌር አስተማማኝነት ተመራማሪው ሙሳ በ1975 የፕሮሰሰር ሰዓትን (ፕሮግራሙ በእርግጥ የሠራበትን ጊዜ) በቀን መቁጠሪያ ምትክ መጠቀም አለብን ያለው ለዚሁ ነበር፤ ለኦፕን ሶርስ ግን የዓለምን የፕሮሰሰር ሰዓት የሚቆጥርልን የለም።

"ነጥብ ሁለት" የሚለውን ልማድ በተመለከተ፣ ራሱ 14 ጥሩ ፈተና ነው። በ14 ላይ የተጨመረ አንድ ማሻሻያ፣ ቫኪዩም (የማያስፈልጉ የረድፍ ቅጂዎችን የሚያጸዳው ሥራ) ሲሠራ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ያለ መቆለፊያ በመገንባት ላይ ያለውን ሂደት ችላ እንዲል አድርጎት ነበር፤ ሐሳቡ ቫኪዩም በከንቱ እንዳይጠብቅ ነው። ውጤቱ ግን ገንቢው የሚያስፈልጉትን የረድፍ ቅጂዎች ቫኪዩም ቀድሞ ማጽዳቱ ነበር፤ ኢንዴክሱ አንዳንድ ረድፎች ሳይገቡበት ይጠናቀቃል፤ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ረድፉ ሰንጠረዡ ውስጥ እያለ በኢንዴክሱ በኩል ሲፈለግ "የለም" ይባላል። ይህ ከ14.0 እስከ 14.3 ድረስ ኖሮ፣ መደበኛውን የኦገስት ቀጠሮ ሳይጠብቅ በጁን 16 ቀን 2022 በ14.4 ተስተካከለ። በፌብሩዋሪ 2022 ነጥብ ሁለት ወጣ ብሎ የተሻገረ ሰው ከዚህ አልተረፈም። በነገራችን ላይ፣ ይህን መሰል የኢንዴክስ ጉድለት በመላው ዳታቤዝ ለመመርመር የሚያገለግለው የፒጂ አምቼክ ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በዚያው በ14 ነበር፤ መርዙና ማርከሻው በአንድ ጠርሙስ።

የአጠቃቀም ነገር ከተነሣ የእኛን አገር ሁኔታም አይርሱ። መብራት ጠፍቶ፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ከተጠበቀው ቀድሞ አልቆ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ከሎጉ ላይ የመልሶ ማገገሚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ያ የኮድ ክፍል በአንድ ትልቅ የዳታ ማእከል ውስጥ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? በእኛ ዘንድ በወር ስንት ጊዜ? የዓለም አማካይ ኩርባ የሚነግርዎት የዓለምን አማካይ ተጠቃሚ ነው፤ የእርስዎን መሥሪያ ቤት አይደለም።

ቆጣሪው (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የላይክሊሁዱን ኩርባ ለ17 ስዬው ልክ እንደተባለው ወደ ቀኝ ሜዳ ሆኖ ይሄዳል፤ ለአማካሪዬ ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ይህች ሥዕል ትበቃለች ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የአጠቃቀምን መጠን በምን ልለካ? ዴቢያን ፖፕኮን በሚባለው ሥርዓቱ የትኛው ፓኬጅ በስንት ማሽን ላይ እንደተጫነ ያወጣል፤ ተሳታፊዎቹ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ብቻ ስለሆኑ ግን ቁጥሩ ያዳላል ብዬ ሠጋሁ። ሁለተኛው፣ አራት ጊዜ የተደጋገመውን ጥገና ለየትኛው እትም ላስቆጥረው?

ቅርንጫፍ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ በእኔ አስተያየት የመመረቂያ ጽሑፍዎ ዋና ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

እትሞችን ለየብቻ ሞዴል ማድረግ ማለት እያንዳንዱ ከባዶ የተጻፈ አዲስ ሶፍትዌር ነው ብሎ መነሣት ነው። የ17 ኮድ ግን አብዛኛው ከ16 የተወረሰ ነው፤ የ16ም ከ15። ስለዚህ በ17 ውስጥ ያሉት ጉድለቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ከ17 ጋር የተወለዱና ከቀደሙት የተወረሱ። "ሀ"ን ለሁለት ይክፈሉት። የተወረሱት በድሮዎቹ እትሞች ላይ ለዓመታት ሲፈተኑ የኖሩ ስለሆኑ በቀላሉ የሚገኙት ተገኝተው አልቀዋል፤ የቀሩት አስቸጋሪዎቹ ናቸው፤ የሚገኙበት ፍጥነትም ዝቅተኛ ነው። ምን ያህል ሊቆዩ እንደሚችሉ ለማየት የ2018ን የኤፍሲንክ (ዳታው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ የሚጠየቅበት ትእዛዝ) ጉዳይ ይመልከቱ። ፖስትግሬስ ወደ ዲስክ መጻፉ ሳይሳካ ሲቀር ጥያቄውን ቢደግመው መጀመሪያ ያልተጻፈው በኋላ ይጻፋል ብሎ ያምን ነበር፤ ሊኑክስ ግን ስህተቱን አንዴ ነግሮ ገጹን እንደተጻፈ ሊቆጥረው ይችላል። ይህ እምነት ሃያ ዓመት ያህል በየእትሙ ሲወረስ ኖሮ፣ በፌብሩዋሪ 2019 በ11.2 እና በወቅቱ ድጋፍ በነበራቸው ሌሎች እትሞች ሁሉ ላይ በአንድ ቀን ተስተካከለ። በእርስዎ አቆጣጠር የአምስት እትሞች አምስት ጉድለት ይሆናል፤ በእውነቱ የማንም እትም ያልሆነ አንድ ጉድለት ነው። የ14 ኢንዴክስ ጉድለት በአንጻሩ የ14 ብቻ ነው።

የትውልድ እትሙን እንዴት እንደሚያገኙት፦ የመግለጫውን የምንጭ ፋይል ከጊት አውርደው ይክፈቱት። ድረ ገጹ ላይ ጎልቶ ባይታይም፣ ከእያንዳንዱ ጥገና በላይ በኮሜንት ውስጥ ጥገናው የገባባቸው ቅርንጫፎች (የየእትሙ የኮድ ቅጂዎች)፣ የኮሚቱ (በጊት የተመዘገበው ለውጥ) መለያና ቀኑ ተዘርዝረዋል። ማስተር (ለሚቀጥለው እትም የሚሠራበት ዋናው ቅርንጫፍ) የሚል መስመር፣ ከሥሩ የ17፣ የ16፣ የ15 እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩ 16 ላይ ካቆመና 15 በዚያን ጊዜ ድጋፍ ካለው፣ ጉድለቱ ከ16 ጋር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በእጅ መቁጠር ካሰለቸዎት ጊት ቼንጅሎግ የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም በራሱ በምንጭ ኮዱ ውስጥ አለ፤ በየቅርንጫፉ የተደጋገመውን አንድ ጥገና አንድ ላይ ሰብስቦ ያሳያል። የእርስዎ የአራት ጊዜ ቆጠራ ችግር በዚህ ይፈታል።

ሁለት ወጥመድ ግን አለ። እያንዳንዱ ዋና እትም የሚደገፈው ለአምስት ዓመት ነው። 12 በኖቬምበር 2024 የመጨረሻውን 12.22 ካወጣ በኋላ፣ 13 ድጋፍ እያለው የተገኘ ጉድለት ዝርዝሩ 13 ላይ ያቆማል፤ ይህ ግን ከ13 ጋር ተወለደ ማለት አይደለም። ድጋፍ እስካለው እስከ መጨረሻው አሮጌ እትም የደረሰውን ሁሉ "በዚያን ጊዜ ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ" ብለው ለብቻው ይያዙት፤ አለዚያ አሮጌው እትም የሌላውን ኃጢአት ሁሉ ይሸከማል። ሌላው ደግሞ አንዳንድ ጥገና የሶፍትዌሩን ጠባይ ስለሚለውጥ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ እትሞች አይመለስም፤ የኮሚቱን ማብራሪያ ማንበብ ግድ ነው። በ2005 የቀረበው የኤስዜድዜድ ዘዴ ከጥገናው ተነሥቶ የተለወጡት መስመሮች መጀመሪያ የገቡበትን ኮሚት በመፈለግ ይህን ሊያግዝዎ ይችላል፤ ሆኖም መስመር በመጨመር ብቻ የተስተካከለ ጉድለት ላይ የሚከተለው የተሰረዘ መስመር ስለማያገኝ ዝም ይላል።

ሞዴሉ "ጥገና ጉድለትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም" ብሎ መነሣቱም አያዛልቅዎትም። በኖቬምበር 14 ቀን 2024 የወጣው 17.1 አንዳንድ ኤክስቴንሽኖች (ተጨማሪ ሞጁሎች) የተገነቡበትን የውስጥ መዋቅር መጠን ስለለወጠ፣ ከሳምንት በኋላ 17.2 መውጣት ነበረበት። በተከታዩ ዙር፣ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025 በ17.3 የገባ የደኅንነት ጥገና ራሱ ስህተት ይዞ በመምጣቱ፣ በሳምንቱ 17.4 ወጣ። ልብ ይበሉ፦ በሁለቱም ጊዜ የተነኩት ድጋፍ ያላቸው እትሞች ሁሉ ናቸው፤ 16ም 15ም 14ም በዚያው ቀን ተበላሽተው በዚያው ቀን ተጠገኑ። እትሞችን ነጻና የማይገናኙ አድርጎ የሚወስድ ሞዴል ይህን አራት አምስት የተለያየ ገጠመኝ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ የመተማመኛ ክልልዎ ከሚገባው በላይ ጠባብ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ እትም ላይ መቆየት ከአዲስ ጉድለት ያድናል የሚለው እምነትም በዚህ በኩል ቀዳዳ አለው።

ሎጋሪዝም

ስለ ፖፕኮን፦ ያዳላል፣ ነገር ግን ማዳላቱ ከወር ወር ብዙ የማይለዋወጥ ከሆነ ለእርስዎ ዓላማ ይሠራል፤ የሚያስፈልግዎት የተጠቃሚው ፍጹም ቁጥር ሳይሆን የኩርባው ቅርጽ ነው። የቀን መቁጠሪያውን በተጠራቀመ የተጠቃሚ ወር ተክተው ሞዴሉን እንደገና ያሂዱት፤ የ14 የኤስ ቅርጽ ከጠፋ ሁለተኛ ሞዴል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግዎትም። ካልጠፋም ይህ ራሱ ውጤት ነው። 14 እና 16 በዴቢያን ቋሚ እትሞች ውስጥ ስላልገቡ ግን ለእነሱ የፖፕኮን ቁጥር ደካማ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

የሌሊት ተረኛ የተናገሩት የ14.4 ታሪክ ሌላም ነገር ያሳስበኛል። በቆጠራው ውስጥ ያ ጉድለት አንድ ነው፤ በአንድ መልእክት ላይ የተሳሳተ ቃል ማረምም አንድ ነው። ዱባና ቅል አብረው ተቆጥረዋል። ሄርዚግ፣ ጁስትና ዜለር በ2013 ከአምስት የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ከ7,000 በላይ መዝገቦችን በእጅ መርምረው፣ ባግ ተብለው ከተመዘገቡት 33.8 በመቶ ያህሉ ባግ እንዳልሆኑ አግኝተዋል፤ የፖስትግሬስ መግለጫ ከዚያ የተሻለ የተጣራ ነው፣ በክብደት ግን አልተለየም። ዳታን የሚያበላሹትንና የተሳሳተ ውጤት የሚመልሱትን ለብቻ ቢያወጡ ቁጥሩ በእትም ጥቂት ይሆናል፤ ኩርባ ለመሳልም አይበቃ ይሆናል።

ቆጣሪው (ጠያቂ)

ትናንት ማታ የ14ን መግለጫዎች ምንጭ ፋይሎች ከፍቼ ቅርንጫፎቹን መለየት ጀመርኩ። እንዲህ ብዬ ልከፍለው ነው፦ ከእትሙ ጋር የተወለዱ፣ የተወረሱ፣ ትውልዳቸው ከድጋፍ ዘመን በፊት የሆነና በጥገና የመጡ። ከባዶቹን በኩርባ ሳይሆን በስም ዝርዝር አቀርባቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ በየትኛው ንዑስ እትም እንደተስተካከለና እትሙ ከወጣ ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ ከጎኑ አደርጋለሁ። የመሥሪያ ቤቴ ልማድ የሚፈተነው በዚያ ዝርዝር ላይ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው 14.4፣ ስምንት ወር ተኩል ይላል።